ልቧ የታመመ ድመት ያለችበት ቤት

ድመት ሕመሟን ደብቃ የምታቆይ እንስሳ ናት። ውሻ ሲያመው ያቃስታል፣ ወደ ባለቤቱም ይጠጋል፤ ድመት ግን ከአልጋ ሥር ወይም ከመጋረጃ ጀርባ ትገባና ዝም ትላለች። ልቧ የታመመች ድመት ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ዝምተኛ ናት። እንደ ወትሮዋ ትበላለች፣ ፀጉሯን ትልሳለች፣ መስኮት አጠገብ ተጋድማ ፀሐይ ትሞቃለች። አንድ ቀን ለክትባት ወይም ለማምከን ወደ ክሊኒክ ስትወሰድ ሐኪሙ የልብ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አሳርፎ ከተለመደው ረዘም ላለ ጊዜ ያዳምጣል። ብዙ ቤተሰቦች ስለ በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰሙት በዚህ መንገድ ነው።

በድመቶች ላይ ከሁሉም በላይ የሚታየው የልብ ሕመም በሕክምና ስሙ ሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ ይባላል፤ በቀላል አማርኛ የልብ ጡንቻ መወፈር ማለት ነው። ደምን ወደ መላ ሰውነት የሚገፋው የግራው የታችኛው የልብ ክፍል ግድግዳ እየወፈረና እየደደረ ይሄዳል። የወፈረ ጡንቻ ጠንካራ ይመስላል፤ እውነታው ግን ተቃራኒው ነው። ልብ የሚሠራው በመኮማተር ብቻ ሳይሆን በመላላትም ጭምር ነውና፣ ግድግዳው ሲደድር ክፍሉ በሚገባ ላልቶ ደም ሊቀበል አይችልም። ቦታ ያጣው ደም ወደ ኋላ ይጠራቀማል፤ ከበላዩ ያለው የልብ ክፍል ይለጠጣል፤ ግፊቱ ሳንባ ድረስ ሲደርስም ፈሳሽ ወደ ሳንባው ወይም በሳንባው ዙሪያ ወዳለው ክፍተት ይሰርጋል። ድመቷ ትንፋሽ የሚያጥራት ያን ጊዜ ነው።

ሕመሙ ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ የተስፋፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ የእንስሳት ውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ያወጣው መመሪያ ከ100 ድመቶች 15 ያህሉ ይህ የጡንቻ መወፈር ሊኖርባቸው እንደሚችል ይገልጻል። በወንዶቹ ላይ ይበዛል፤ ዕድሜ ሲጨምርም እንዲሁ። ሆኖም ቁጥሩ ሊያስደነግጥ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና በሽታው የታየባቸውን ከ1,000 በላይ ድመቶች የተከታተለ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳመለከተው፣ የልብ ድካም ወይም የደም መርጋት የደረሰባቸው ከ10 ሦስቱ ገደማ ናቸው። ቀሪዎቹ በሽታውን እንደያዙ ኖረዋል ማለት ነው። ከሐኪሙ ዘንድ ተክዞ የሚመለስ ቤተሰብ ይህንን የተስፋ ክፍል ሳይሰማው ይቀራል፤ «የልብ ሕመም» የሚለው ቃል ብቻውን ጆሮ ይሞላልና።

በማዳመጫ የሚሰማው የልብ ድምፅ ለውጥ ራሱ ብይን አይደለም። ጤነኛ ሆና ድምፁ የሚሰማባት ድመት አለች፤ ታማ ምንም የማይሰማባትም አለች። እርግጡን የሚናገረው የልብ አልትራሳውንድ ነው። ሐኪሙ በስክሪኑ ላይ የግድግዳውን ውፍረት ይለካል፤ ልብ በላላበት ቅጽበት 6 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወፍሯል ይባላል። ከዚህ ጋር የደም ግፊትና የእንቅርት ዕጢ ምርመራ መደረግ አለበት፤ በተለይ ዕድሜዋ በገፋ ድመት የደም ግፊትና የዕጢው ከልክ በላይ መሥራት ልብን ሊያወፍሩ ስለሚችሉና የእነርሱ ሕክምና ሌላ ስለሆነ። ይህን ሳይመረምር ለዕድሜ ልክ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ቢያጋጥም ጥያቄ ማቅረብ የባለቤቱ መብት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የሚሠራው በክሊኒክ ሳይሆን በቤት ውስጥ ነው። ከሥራዎቹም ዋነኛው ምንም መሣሪያ አይጠይቅም፤ ትንፋሽ መቁጠር ነው። ድመቷ በጥልቅ በተኛችበት ሰዓት ደረቷ ወጥቶ ሲመለስ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ለ30 ሴኮንድ ቆጥሮ በ2 ማባዛት በቂ ነው። እያንኮራፋች በደስታ ስታጉረመርም፣ ወይም በሕልሟ እግሯ ሲርገፈገፍ የተቆጠረ ቁጥር አይያዝም። ጤነኛ ድመት በእንቅልፏ በደቂቃ ከ30 ጊዜ ባነሰ ትተነፍሳለች። አንድ ቀን 24፣ ሌላ ቀን 22 እየሆነ የቆየው ቁጥር 34፣ 38 እያለ መውጣት ከጀመረ፣ ድመቷ እየበላችና እየተጫወተች ቢሆን እንኳ ለሐኪሙ መደወል ያስፈልጋል። ፈሳሹ ሳንባ ውስጥ መግባት የጀመረው ዓይን ከማየቱ በፊት ነው። ሳልን መጠበቅ አይገባም፤ ልቧ የደከመ ድመት እንደ ሰው አትስልም። አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነች ደግሞ ቁጥር የሚቆጠርበት ሰዓት አልፏል፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ትወሰድ።

ታዲያ ይህን የሚቆጥረው ማን ነው? በባሕረ ሰላጤው አገሮች ባሉ ብዙ ቤቶች መልሱ ግልጽ ነው። ባለቤቶቹ ሥራ ውለው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ውለው ሲመለሱ ድመቷ ነቅታ ትጠብቃቸዋለች። ስትተኛ የሚያያት፣ ሳህኗን የሚያጥበው፣ የሽንቷን አሸዋ የሚቀይረው ሰው ሌላ ነው። ብዙ ጊዜም ከወሎ፣ ከጅማ ወይም ከአርሲ የመጣች እህት ናት። ድመቷ ትናንት ሦስት ጊዜ የዘለለችበትን ሶፋ ዛሬ አንድ ጊዜ ብቻ እንደዘለለችበት የምታውቀው እርሷ ናት። ወደ ሐኪም ስትወሰድ ግን አብዛኛውን ጊዜ አብራ አትሄድም፤ ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን የማያውቀው ሰው ይመልሳል።

ይህ መለወጥ የሚገባው ልማድ ነው። ትንፋሹን የምትቆጥረው እህት የሐኪሙን ማብራሪያ በቀጥታ ብትሰማ፣ ቁጥሩን በስልኳ ወይም በትንሽ ደብተር ብትጽፍ፣ «ዛሬ ደህና አይደለችም» ስትልም ቃሏ ቢታመን የድመቷ ዕድሜ ሊረዝም ይችላል። በአንጻሩ በሽታውን የሚያውቅ ቤተሰብ ለሠራተኛው ሳይነግር ቢቀርና ድመቷ በድንገት ብትሞት፣ የመጀመሪያው ጥርጣሬ የሚያርፈው ማን ላይ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ምን አበላሻት? በሩን ዘግታባት ነበር? ወደቀችባት? የልብ ጡንቻ መወፈር ያለባት ድመት ግን ማንም ሳያጠፋ፣ ምንም ሳይወድቅባት፣ ያለ አንዳች ምልክት በድንገት ልትሞት ትችላለች። ይህን አስቀድሞ በቤቱ ውስጥ ጮክ ብሎ መናገር የቤተሰቡ ኃላፊነት ነው።

በቋንቋ በኩል ያለው እንቅፋት የሚታሰበውን ያህል ትልቅ አይደለም። እርግጥ ነው፣ አዲስ መጤ እህት «ቂጣ» ሲባል ሰምታ ወደ ምጣድ ብታስብ አይፈረድባትም፤ በዐረብኛ ድመት ማለት መሆኑን እስክትለምድ ድረስ። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ የሚያስፈልጉት ቃላት ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ዘመዶች ናቸው። ልብ «ቀልብ» ነው። ትንፋሽ «ነፈስ» ነው። «ነፈስ ሰሪዕ» ማለት ትንፋሹ ፈጣን ነው ማለት ነው፤ እነዚህ ሁለት ቃላት ለአሠሪ በሰዓቱ ከተነገሩ በቂ ናቸው።

ነገሩ የርኅራኄ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የአማና ጉዳይም ነው። በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ የተላለፈውን፣ ድመት አስራ በረሃብ ስለገደለች ሴት የሚናገረውን ሐዲስ የማያውቅ ሙስሊም ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የቅጣቱን ከባድነት ለማሳየት ነው፤ የጥፋቱ አቀማመጥ ግን ከዚያ ያላነሰ ትኩረት ይገባዋል። ሴቲቱ አልመገበቻትም፤ ራሷ ከምድር ነፍሳት እየለቀመች እንድትኖርም አልለቀቀቻትም። መዘጋቱ ራሱ ግዴታን አመጣ። በ20ኛ ፎቅ የምትኖር ድመት ከዚህ አንጻር ስትታይ ከዚያች ድመት የምትለየው በምንጣፉ ብቻ ነው፤ ውሃዋ፣ ምግቧ፣ የሚታያት ሐኪም ሁሉ በዘጋባት ሰው እጅ ነው። አቡ ቀታዳ ለውዱእ ከቀረበላቸው ውሃ ድመት እንድትጠጣ ዕቃውን አዘንብለው እንደያዙላትና፣ ይህን በመደነቅ ለተመለከተችው የልጃቸው ሚስት ለከብሻ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ድመት ነጅስ እንዳልሆነች፣ በሰዎች መካከል ከሚዘዋወሩት መሆኗን መናገራቸውን እንደገለጹላት በሱነን መጻሕፍት ተዘግቧል። በአንጻሩ ነቢዩ በልብሳቸው ላይ የተኛችውን ድመት ላለመቀስቀስ እጅጌያቸውን ቆረጡ የሚለው በሰፊው የሚወራ ታሪክ በታመኑ የሐዲስ ምንጮች የማይገኝ ነው። ድመትን ለመንከባከብ ይህን ታሪክ መጥቀስ አያስፈልግም፤ የተረጋገጠው ከበቂ በላይ ነው።

ወደ መድኃኒቱ ስንመለስ፣ የወፈረውን ጡንቻ ወደ ነበረበት የሚመልስ የተለመደ ሕክምና የለም። የሚሰጠው ሕክምና የሚወሰነው በደረጃው ነው። ምልክት የሌላትና የላይኛው የልብ ክፍሏ ያልተለጠጠ ድመት ብዙ ጊዜ ያለ መድኃኒት በየጊዜው እየታየች ትቆያለች። ክፍሉ ከተለጠጠ የደም መርጋትን ለመከላከል ክሎፒዶግሬል ይታዘዛል፤ ሳንባዋ ፈሳሽ ከያዘ ደግሞ ፈሳሹን በሽንት የሚያስወጣው ፉሮሰማይድ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሲሮሊመስ የተባለውን፣ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚሰጠውን መድኃኒት ምልክት ላላሳዩ ነገር ግን ጡንቻቸው ለወፈረ ድመቶች በጊዜያዊ ፈቃድ ለገበያ እንዲቀርብ ፈቅዷል፤ በዚህ ደረጃ ላሉት የተፈቀደ የመጀመሪያው መድኃኒት በመሆኑ በመስኩ ትልቅ ዜና ነበር።

ክሎፒዶግሬል መራራ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለሰው ከሚሠራው የ75 ሚሊግራም ክኒን ሩብ ስለሆነ፣ የተቆረጠው ጎን ምላሷን ሲነካ አረፋ ትደፍቃለች፣ ትሸሻለች፤ በማግስቱም ክኒን የያዘውን እጅ ከሩቅ ታውቃለች። ሩቡን በትንሽ ባዶ ካፕሱል ውስጥ ከትቶ መስጠት ችግሩን ያቃልላል። ከክኒኑ በኋላ ጥቂት እርጥብ ምግብ ወይም ውሃ መስጠት ያስፈልጋል፤ ክኒን ጉሮሮዋ ላይ ደርቆ ሊያቆስላት ይችላልና። ፉሮሰማይድ የምትወስድ ድመት ብዙ ትጠጣለች፣ ብዙ ትሸናለች። አሸዋው በቀን ሁለት ጊዜ ሊረጥብ ይችላል። ሽንቱ በዛ ተብሎ ውሃ መቀነስ ኩላሊቷን መግደል ነው፤ ይህ የሚያስከትለው ተጨማሪ የጽዳት ሥራም ከሠራተኛዋ ጋር አስቀድሞ መነጋገርን ይጠይቃል። በረመዳን ቤቱ ሌሊቱን ቀን፣ ቀኑን ሌሊት ሲያደርግ የክኒኑ ሰዓት አብሮ እንዳይዋልል መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በቀን ሁለት ጊዜ የታዘዘላትን በመግሪብና በሱብሒ ሰዓት ማድረግ ለብዙ ቤቶች ይመቻል።

አንድ ነገር ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። ድመቷ ታማ ስትታይ ከቤቱ የመድኃኒት ሣጥን ፓናዶል አውጥቶ መስጠት፣ ሩብም ቢሆን፣ ሊገድላት ይችላል። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን እንደ ሰው ጉበት ማስወገድ አይችልም።

በምግብ በኩል የልብ ሕመም ታሪክ አንድ አስደናቂ ምዕራፍ አለው። እስከ 1980ዎቹ ድረስ ብዙ ድመቶች ከመወፈር በተቃራኒ ልባቸው እየሳሳና እየሰፋ ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሚሠሩት ፖል ፓየንና ባልደረቦቻቸው ምክንያቱ ታውሪን የተባለ ንጥረ ነገር ማነስ መሆኑን አሳዩ፤ ታውሪን ሲሰጣቸውም ልባቸው አገገመ። የምግብ አምራቾች መጠኑን ከጨመሩ በኋላ ያ በሽታ ብርቅ ሆኗል። ታውሪን የሚገኘው በሥጋና በዓሣ ነው፤ ድመት ደግሞ በራሷ በቂ አድርጋ መሥራት አትችልም። ስለዚህ ከማዕድ የተረፈ ሩዝና እንጀራ፣ ወይም የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ ብቻ እየተሰጣት የምትኖር ድመት ልቧ በምግብ እጦት ሊታመም ይችላል። ይህኛው በጊዜ ከተደረሰበት የሚመለስ ነው። ጡንቻው የወፈረባትን ድመት ግን ታውሪን አያድናትም፤ እየተሸጠላት ያለውን ዱቄት ሁሉ ከመግዛት በፊት የትኛው እንደሆነ መለየት ይገባል።

ከሁሉ የሚከፋው ድንገተኛ አደጋ የደም መርጋት ነው። በተለጠጠው የልብ ክፍል ውስጥ የረጋ ደም ተፈናቅሎ ይወጣና ዋናው የደም ቧንቧ ወደ ሁለቱ የኋላ እግሮች በሚከፈልበት ቦታ ይሰካል። ድመቷ በድንገት ትጮኻለች፤ የኋላ እግሮቿን እየጎተተች ትሳባለች፤ የእግሯ መዳፍ ቀዝቃዛና የገረጣ ወይም ወደ ሰማያዊ ያደላ ይሆናል። ይህን ያየ ሰው ወድቃ እግሯ ተሰብሯል ብሎ ያስባል። እግሯን ማሸት፣ በሙቅ ውሃ መንከር አይጠቅምም፤ ሕመሙ እጅግ ከባድ ነውና በሰዓታት ሳይሆን በደቂቃዎች ውስጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት። ለዚህም ነው የሌሊት ክሊኒኩ ስልክ ቁጥር በባለቤቱ ስልክ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በማቀዝቀዣው በር ላይ ተጽፎ መለጠፍ ያለበት። በበጋ ወራት መኪናው አስቀድሞ ይቀዝቅዝ፤ የመያዣ ሣጥኑም በቀላል ጨርቅ ይሸፈን። ትንፋሽ ያጠራትን ድመት አጥብቆ አቅፎ መያዝ፣ በቤቱ ልጆች ሁሉ መሐል ማዞር የቀረውን አቅሟን ይወስድባታል።

እንዲህ ያለ ሌሊት ላይ ሐኪሙ «ሥቃይ የሌለበት ሞት እንስጣት?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ለሙስሊም ቤተሰብ ከባድ ጥያቄ ነው። ዑለማዎች በዚህ ላይ አንድ ቃል የላቸውም፤ የማትበላ እንስሳን ለማሳረፍ ተብሎ መግደልን የከለከሉ አሉ፣ መዳኗ ተስፋ የተቆረጠባትንና የምትሠቃየውን እንስሳ በቀላሉ ማሳረፍን የፈቀዱም አሉ። የፈቀዱትም ከሸዳድ ኢብኑ አውስ በተላለፈው ሐዲስ የታዘዘውን፣ በነገር ሁሉ ማሳመርን፣ በመግደልም ሥቃይን መቀነስን መሠረት ያደርጋሉ። ጥያቄው በሌሊት በክሊኒክ ኮሪደር ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚነሳ ይልቅ፣ ድመቷ ደህና በሆነችበት ቀን ከሚታመኑ ዐሊም ጋር ቢመከርበት ለቤተሰቡም ለሐኪሙም ይቀላል።

ድመት ለመግዛት ለሚያስቡ ደግሞ አንድ ምክር አለ። ሜይን ኩንና ራግዶል በተባሉት ዝርያዎች ውስጥ በሽታውን የሚያስተላልፈው የዘረመል ለውጥ ታውቋል፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2005፣ ሁለተኛው በ2007። ምርመራው የሚሠራው ከአፏ በጥጥ በሚወሰድ ናሙና ነው። በሺዎች የሚቆጠር ድርሃም ወይም ሪያል የሚጠይቅ ሻጭ የወላጆቹን ውጤት እንዲያሳይ መጠየቅ ነውር አይደለም። በሌሎች ዝርያዎችና በመንገድ ድመቶች ላይ ግን በሽታው ይህን ዘረመል ሳይይዝም ስለሚመጣ፣ ንጹሕ ውጤት ዋስትና አይሆንም። ለማምከን ወይም ለጥርስ እጥበት ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት ልቧን ማስመርመርም ተገቢ ነው፤ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና አንዳንድ የስቴሮይድ መርፌዎች የተደበቀውን የልብ ድካም ሊያወጡት ይችላሉ።

ሠራተኛዋ ለእረፍት ወደ አገሯ ስትሄድ፣ ቤተሰቡም በበጋው ሲጓዝ፣ ደብተሩ ከድመቷ ጋር ለተረካቢው ይተላለፋል፤ በውስጡም የእንቅልፍ ትንፋሿ ቁጥር፣ የክኒኑ ሰዓት፣ የሐኪሙ ስልክ ይኖራል። ድመቷ ስትሞት ደግሞ የተረፈው ክኒን በመሳቢያ ውስጥ ቀርቶ ለሌላ ድመት እንዳይሰጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ መጠኑ የተለካው ለእርሷ ክብደትና ለእርሷ ኩላሊት ነበር። እናቷ ወይም አብረዋት የተወለዱት በማን ቤት እንዳሉ የሚታወቅ ከሆነም፣ ልባቸው በአልትራሳውንድ እንዲታይ ለባለቤቶቻቸው ደውሎ መንገር ያስፈልጋል።